የብቸኛ ሟች ቤት፤ በጃፓን ሞት ያለፈበትን ቤት የማንጻት ሥራ ታሪክ

የኢትዮጵያ አንባቢ ጃፓንን ሲያስብ በመጀመሪያ የሚታሰበው ሥልጣኔዋ ነው። ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው ያነሡት ጥያቄ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የብዙ ኢትዮጵያውያን ጥያቄ ነበር። ከዚችው አገር ዛሬ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሰው በቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞቶ፥ ቀናት ወይም ወራት ካለፉ በኋላ ሲገኝ፥ አስከሬኑ ተነሥቶ የሚቀረውን ቤት ማን ያጸዳዋል የሚል ነው። በጃፓን ይህን ሥራ ዋጋ ተቀብለው የሚሠሩ፥ ልብሳቸውና መሣሪያቸው ተለይቶ የታወቀ ባለሙያዎች አሉ። ሥራቸው «ቶኩሹ ሴይሶ» ይባላል፤ ትርጕሙም «ልዩ ጽዳት» ማለት ነው። ሰው ሳያውቀው ብቻውን የሞተ ሰው አሟሟትም «ኮዶኩሺ»፥ ማለት «የብቸኝነት ሞት» ይባላል።

ሙያው አዲስ ነው፤ ሙያውን የጠራው ችግር ግን ጥንታዊ ሥር አለው። በጃፓን ታሪክ ሞት ያለፈበትን ቤት የማንጻቱ ግዴታ በየዘመኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል። በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ሕግ ወሰነው፤ ቀጥሎ የተናቁ ወገኖች ተሸከሙት፤ በገጠሩ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋገዘበት፤ በመጨረሻም ለገበያ ተሰጠ። ግዴታውን የተሸከመው ወገን ሲለወጥ፥ ርኵሰትን የመፍራቱ ሥርዐት ግን መልኩን እየለወጠ እስከ ዛሬ ድረስ ቈይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መተላለፍ በየደረጃው መመልከትና ለኢትዮጵያ ጥናት የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የርኵሰት ሕግ

በጃፓን የጥንት እምነት ሞት «ኬጋሬ» የተባለውን ርኵሰት ያመጣል። ይህ ርኵሰት ከኀጢአት የሚመጣ አይደለም፤ ሰውየው ምንም በደል ሳይሠራ በመነካካትና አብሮ በመቀመጥ ብቻ ይተላለፍበታል። ነገሩን በዝርዝር የደነገገው «ኤንጊሺኪ» የተባለው የቤተ መንግሥት የሥርዐት መጽሐፍ ነው። ዝግጅቱ በ905 ተጀምሮ በ927 ተፈጸመ፤ በሥራ ላይ የዋለውም በ967 ነው። በመጽሐፉ መሠረት የሰው ሞት 30 ቀን፥ የሰው ልደት 7 ቀን፥ የቤት እንስሳ ሞት 5 ቀን፥ የቤት እንስሳ ልደት ደግሞ 3 ቀን ያረክሳል። ይህ ጊዜ እስኪፈጸም ድረስ የረከሰው ሰው ወደ ቤተ መንግሥት እንዲገባ፥ በአማልክትም በዓል ላይ እንዲገኝ አይፈቀድለትም ነበር።

ከቀኖቹ ቍጥር ይልቅ ለተመራማሪ የሚጠቅመው የመተላለፉ ሥርዐት ነው። በአንደኛው ቤት ሞት ቢደርስና ከሁለተኛው ቤት የመጣ ሰው በዚያ ገብቶ ቢቀመጥ፥ እርሱም በቤቱ ያሉትም ሁሉ ይረክሳሉ። ከሦስተኛው ቤት የመጣ ሰው ወደ ሁለተኛው ቤት ቢገባ ግን የሚረክሰው እርሱ ብቻ ነው፤ ቤተ ሰቡ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከአራተኛው ቤት መጥቶ ወደ ሦስተኛው የሚገባውን ደግሞ ርኵሰቱ አይደርስበትም። ሕጉ ለፍርሀቱ ሁለት ወሰን አበጀለት ማለት ነው፤ አንዱ የጊዜ፥ ሁለተኛው የቦታ። እነዚህን ሁለት ወሰኖች አንባቢ በልቡናው ይያዛቸው፤ በዚህ ታሪክ መጨረሻ እንደገና ይገኛሉና።

ኦሪትን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ሊቅ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ሰው በድንኳን ውስጥ ቢሞት ወደዚያ የሚገባ ሁሉ 7 ቀን ርኩስ እንዲሆን፥ ያልተከደነ ዕቃም እንዲረክስ፥ ንጹሕ ሰውም ድንኳኑንና ዕቃውን በሂሶጵ ውሃ እንዲረጭ ተደንግጓል። ቤተ እስራኤልም በኢትዮጵያ በሚኖሩበት ጊዜ አስከሬን የነካውን ሰው ለ7 ቀን ከሌላው ይለዩት ነበር። በዚያው የኦሪት ምዕራፍ የሚያነጻው ሰው የራሱ ነገርም አልተረሳም፤ የማንጻቱን ውሃ የነካ እስከ ማታ ርኩስ ሆኖ ይቈይና ሲመሽ ይነጻል። የጃፓን ታሪክ የተለየ መንገድ የያዘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ በዚያ ሌላውን ያነጻ ሰው ርኵሰት ሲመሽ አልለቀቀውም፤ ለልጅ ልጁም ተረፈ።

አንጺዎችና የተናቁ ወገኖች

የርኵሰት ፍርሀት በኪዮቶ መኳንንት ዘንድ ከፍ ያለ ነበር። ሞት በቤት ውስጥ ከደረሰ ጌታው ለ30 ቀን ከቤተ መንግሥት ሥራው ስለሚታገድ፥ አገልጋይ በጠና ሲታመም ከመሞቱ በፊት ከግቢ ያወጡት እንደ ነበር የዚያ ዘመን ተረኮች ያመለክታሉ። በዚህ ዐይነት ቤትን ንጹሕ አድርጎ የመጠበቁ ሥርዐት ራሱ ድኻውን ሰው ብቻውን በሜዳ እንዲሞት አደረገው። ብቸኛ ሞት የዛሬው ከተማ ብቻ የወለደው አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

የወደቀውን አስከሬን የሚያነሣና የረከሰውን ቦታ የሚጠርግ ሰው ግን መገኘት ነበረበት። በመካከለኛው ዘመን ይህን የሠሩት ሰዎች «ኪዮሜ» ይባሉ ነበር፤ ቃሉ «ማንጻት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስማቸው አንጺ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ እንደ ርኩሳን ቈጠራቸው። በቶኩጋዋ መሳፍንት ዘመን፥ ከ1603 እስከ 1868 ድረስ፥ ይህ ልዩነት በዘር የሚወረስ ማዕርግ ሆነ። «ኤታ» የተባሉት የሞተ ከብት የሚያነሡና ቆዳ የሚያለፉ ነበሩ፤ «ሂኒን» የተባሉት ደግሞ ለምኖ አዳሪዎችና በመቅጫ ቦታ የሚያገለግሉ፥ ባለቤት የሌለውንም አስከሬን የሚያነሡ ነበሩ። የሚኖሩበት መንደር ተለየ፤ ጋብቻቸውም ከሌላው ታገደ። በኢትዮጵያም ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በየአገሩ የደረሰበትን ንቀት ያጠና ሰው፥ ሥራን ከርኵሰት፥ ርኵሰትንም ከዘር ጋር የሚያያይዝ አስተሳሰብ የአንድ ሕዝብ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል።

የሜጂ መንግሥት በ1871 ባወጣው ዐዋጅ እነዚህን የውርደት ስሞች ሰረዘ። ስሙ በዐዋጅ ቢሰረዝም ንቀቱ በልማድ ቀረ። የነዚህ ወገኖች ልጆች በ1922 «ሱይሄይሻ» የተባለውን ማኅበር በኪዮቶ መሥርተው ለእኩልነት እስከ መታገል የደረሱት ስለዚህ ነው።

የመንደሩ ማኅበር

የገበሬው ልማድ ከመኳንንቱ ይለያል። በገጠር የሞተን ሰው ጉዳይ የሚያከናውነው «ሶሺኪ ጉሚ» የሚባለው የቀብር ማኅበር ነበር። ይህ ማኅበር ከጥቂት ጎረቤታሞች የተቋቋመ ሲሆን፥ ሞት በደረሰ ጊዜ የሟቹ ቤተ ሰብ ለኀዘኑ ብቻ እንዲተው ሌላውን ሁሉ ይረከብ ነበር። ሁለት ሰዎች አብረው ሄደው ለዘመድ ያረዳሉ፤ ሌሎች መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሌሎችም ሣጥን ይሠራሉ፤ ሴቶች ወጥ ቤቱን ይይዛሉ። ሞት እሳትንም ያረክሳል ተብሎ ስለሚታመን፥ የኀዘንተኞቹ ምግብ የሚበስልበት እሳት ከሌላው ተለይቶ ይነድ ነበር።

አስከሬኑን የሚያጥቡት የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የታጠበበት ውሃ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይደፋል። ከቀብር የተመለሰ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ጨው ይረጭበታል፤ ይህ የጨው ልማድ በከተማ እስከ ዛሬ የሚታይ ነው። እንግዲህ በመንደሩ ሥርዐት ቤቱን የማንጻት ሥራ ራሱን የቻለ ሥራ አልነበረም፤ በማጠቡ፥ በማብሰሉ፥ በመቅበሩ መካከል ተከፋፍሎ የተሠራ ነበር። ጎረቤት በመጀመሪያው ሰዓት ስለሚደርስ፥ ልዩ ጽዳት የሚያስፈልገው ቤት ለመገኘት ጊዜ አልነበረውም።

የዚህን ግዴታ ጥብቅነት የሚያሳየው «ሙራ ሃቺቡ» የተባለው ቅጣት ነው። የመንደሩን ሥርዐት ያፈረሰ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ይወገዳል፤ ሠርግም ቢሆን፥ ቤት መሥራትም ቢሆን ማንም አይረዳውም። «ሃቺቡ» ማለት «ስምንት እጅ» ነው። በተለመደው አተረጓጐም ከዐሥሩ የመንደር ግንኙነቶች ስምንቱ ሲቋረጡበት ሁለቱ ይቀሩለት ነበር፤ እነርሱም እሳት ማጥፋትና ቀብር ናቸው። ለተወገዘውም ሰው ቢሆን መንደሩ ለቀብሩ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ይህ የተደረገው ከርኅራኄ ብቻ እንዳይመስል፤ ያልጠፋ እሳትና ያልተነሣ አስከሬን ለጎረቤትም ይተርፋሉ። የመንደሩም ሰላም ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ በቶኩጋዋ ዘመን አምስት አምስት ቤት በአንድ ተቧድኖ ለግብርና ለወንጀል አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆን ስለ ነበር፥ ጎረቤት ማለት ረዳት ብቻ ሳይሆን ሰላይም ነበር። ከመንደር ወደ ከተማ የፈለሱት ብዙ ወጣቶች የሸሹት ድኽነትን ብቻ አልነበረም፤ ይህንንም የጎረቤት ዐይን ነበር።

የብረት በር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ነገሮች አብረው ተለወጡ። አንደኛው የመሞቻው ቦታ ነው። በ1951 በጃፓን ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 80 የሚበልጡት በየቤታቸው ይሞቱ ነበር፤ በ1976 ግን በሆስፒታል የሚሞቱት በቤት ከሚሞቱት በለጡ። ከዚያ ወዲህ ያደገው ትውልድ አስከሬን በቤት ሲታጠብ አላየም። ሁለተኛው የመኖሪያው ሁኔታ ነው። በ1955 የጃፓን የቤቶች ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ «ዳንቺ» የሚባሉትን ሰፋፊ የኮንክሪት መኖሪያ ሠፈሮች መሥራት ጀመረ። የጥንቱ የእንጨት ቤት ተንሸራታች በር በብረት በርና በቍልፍ ተተካ። ወጣት ባልና ሚስቶች ይህን ቍልፍ እንደ ነጻነት ቈጥረው ተቀበሉት፤ ዘግቶ መቀመጥ በመንደር ያልታወቀ ምቾት ነበርና።

ልጆች አድገው ሲወጡ፥ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት፥ በሩ እንደ ተዘጋ ቀረ። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በጃፓን ካሉት ቤተ ሰቦች ከመቶ 38 የሚሆኑት አንድ ሰው ብቻ ያለባቸው ነበሩ።

የብቸኝነት ሞት የመላው አገር መነጋገሪያ የሆነው በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ኮቤንና አካባቢዋን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ነው። በአደጋው ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቤት ለፈረሰባቸው ጊዜያዊ መጠለያ ሲታደል ለሽማግሎችና ለደካሞች ቅድሚያ ተሰጥቶ በዕጣ ተደለደለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ዕጣው የቀድሞ ጎረቤታሞችን በታተናቸው። መጠለያዎቹ እስኪዘጉ ድረስ በውስጣቸው ብቻቸውን የሞቱት 233 ሆነው ተቈጠሩ። ከዚህ ትምህርት በመውሰድ፥ በ2004 በኒጋታ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ተፈናቃዮቹ በየመንደራቸው ተሰባስበው እንዲሰፍሩ ተደረገ።

በ2001 ደግሞ በቶኪዮ አጠገብ በማትሱዶ ከተማ ከ4,800 በላይ ቤቶች ባሉት በቶኪዋዳይራ ዳንቺ አንድ ሰው ከሞተ ሦስት ዓመት በኋላ ዐፅሙ ተገኘ። ኪራዩ ከባንክ ሒሳቡ በየወሩ በራሱ ይከፈል ስለ ነበር የጠረጠረ አልነበረም፤ በሩ የተከፈተው ገንዘቡ አልቆ ኪራዩ ሲቋረጥ ነው። የሰውየውን መጥፋት ከሰው ሁሉ በፊት ያወቀው ባንኩ ሆነ። የሠፈሩ ማኅበር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን መዘገበ፥ ከጋዜጣ አዳዮች ጋር ተስማማ፥ ሰው ሁሉ በ100 የን ገብቶ የሚጨዋወትበት ክፍል ከፈተ።

የሙያው አነሣሥና አሠራር

በ2002 ዮሺዳ ታይቺ የተባሉ ቀድሞ በዕቃ ማጓጓዝ ሥራ የነበሩ ሰው «ኪፐርስ» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ የሟችን ዕቃ ለይቶ የማስረከብን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ ያዘ። ይህ ሥራ «ኢሂን ሴይሪ»፥ ማለት «የሟች ቅርስ ማደራጀት» ይባላል። ብዙዎቹ ሟቾች ዘግይተው የተገኙ ስለ ነበሩ የዕቃ ማደራጀቱና ልዩ ጽዳቱ ተያያዙ። በ2011 በሆካይዶ የተቋቋመ ማኅበር ለሠራተኞቹ ትምህርትና የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። ልዩ ጽዳት ራሱ የመንግሥት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ቈሻሻውን ለማጓጓዝ የከተማው፥ አሮጌ ዕቃ ለመግዛት ደግሞ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። ፖሊስ አስከሬኑን ካነሣና ጉዳዩን መርምሮ ቤቱን ከለቀቀ በኋላ ሠራተኞቹ ሙሉ ልብስና ማጣሪያ ያለው ጭምብል ለብሰው ይገባሉ። በመጀመሪያ መድኀኒት ይረጫሉ፤ ዝንቡንና ትሉን ያጠፋሉ። ቀጥሎ አልጋ ልብሱን ጠቅልለው ያወጣሉ። ከሩዝ ገለባ የሚሠራው «ታታሚ» የተባለው ወፍራም ምንጣፍ ፈሳሽ ስለሚመጥ ተነሥቶ ይጣላል። ፈሳሹ ወደ ወለሉ እንጨት ከዘለቀ እንጨቱ ተቈርጦ ይወጣል፤ እስከ ኮንክሪቱም ከደረሰ ኮንክሪቱ ታጥቦ ሽታ በማያሳልፍ ቀለም ይለበጣል። ሽታው በግድግዳው ወረቀት ስለሚቀር ወረቀቱም ይላጣል። በመጨረሻ ክፍሉ ተዘግቶ ኦዞን የሚያመነጭ መኪና ይቆምበታል፤ ጋዙ ለመተንፈስ ጎጂ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ሰው አይገባም።

ይህ ሁሉ የቴክኒክ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ ጥንት የዘመድ የነበረ ሥራ አለ። ሠራተኞቹ የባንክ ደብተሩን፥ ማኅተሙን፥ ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ከቈሻሻው ለይተው ለወራሽ ያስረክባሉ። የሟቹ የቤት መሠዊያና ሊጣሉ የማይደፈሩ ዕቃዎች በቡድሃ መነኵሴ ጸሎት እንዲሰናበቱ ያደርጋሉ። በሕጉ ወራሽ ውርሱን መተው ቢፈልግ በሦስት ወር ውስጥ ማስታወቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የጽዳቱ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በአከራዩ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሟቹን ፎቶግራፍ በእጁ ይዞ የሚያይለት የመጨረሻው ሰው፥ ሲኖር አይቶት የማያውቅ ቅጥረኛ ይሆናል።

የነገሩን ስፋት ለመረዳት የመንግሥቱን ቍጥር መመልከት ይበቃል። የጃፓን ፖሊስ እንደ ገለጸው በ2024 ብቻቸውን በቤታቸው ሞተው የተገኙት 76,020 ሲሆኑ፥ ከእነዚህ 58,044ቱ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። ከሞቱ 8 ቀንና ከዚያ በላይ ቈይተው የተገኙት ደግሞ 21,856 ናቸው።

የጥንቱ ወሰን በአዲስ ሕግ

አከራዮች የብቸኛ ሟች ቤት ተከራይ ያጣል ብለው ስለሚፈሩ፥ ለብቸኛ ሽማግሌ ቤት ማከራየትን ይሸሻሉ። ይህን ለማስተካከል የመሬትና የትራንስፖርት ሚኒስቴር በኦክቶበር 2021 መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት በበሽታ ወይም በእርጅና የተከሠተ ሞት ለአዲስ ተከራይ መነገር አያስፈልገውም። ቤቱ ልዩ ጽዳት የተደረገለት እንደሆነ ግን ለሦስት ዓመት ያህል መነገር አለበት። በአጠገቡ ባለው ክፍል የደረሰ ሞት ደግሞ በመሠረቱ መነገር የለበትም።

ይህን መመሪያ ከኤንጊሺኪ ጋር ያስተያየ ሰው ተመሳሳይነቱን በግልጽ ያየዋል። ጊዜው ከ30 ቀን ወደ ሦስት ዓመት ረዘመ፤ ቦታውም እንደ ጥንቱ ወሰን ተበጀለት፤ ጎረቤቱ ቤት ንጹሕ ነው ተባለ። መመሪያውን የጻፉት ሹማምንት የአከራይና የተከራይን ጥቅም እንጂ የአማልክትን በዓል አላሰቡም። ቢሆንም ከሺህ ዓመት በፊት የተጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች፥ «እስከ መቼ?» እና «እስከ የት?» የሚሉት፥ እንደገና ተጠይቀው መልስ ተሰጣቸው። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በጥንቱ ሕግ ርኵሰትን የሚያመጣው ሞት ራሱ ነበር። በአዲሱ መመሪያ በአልጋው ላይ የታመመ ሰው ቢሞት ቤቱ ምልክት አይኖረውም፤ ምልክቱን የሚያመጣው የሟቹ ሳይታይ መቈየት ነው። እንግዲህ ዛሬ የሚያረክሰው ሞቱ ሳይሆን የጎረቤት አለመኖር ሆኗል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዕድርና የተዘጋ በር

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሚጠቅመው በዕድር ጥናት ላይ ነው። ዕድር በሥራው ከሶሺኪ ጉሚ ጋር በጣም ይቀራረባል። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሞቱን ያስታውቃል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩና ዕቃው ይመጣል፤ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ስለ ዕድር የተጻፈው አብዛኛው ገንዘቡንና የመረዳዳቱን ሥርዐት የሚመለከት ነው። ነገር ግን ዕድር ከሚሰጠው ገንዘብ ያላነሰ ዋጋ ያለው፥ የሰው መጥፋት ቶሎ እንዲታወቅ ማድረጉ ነው። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ በ1918 በኅዳር በሽታ ጊዜ አይታዋለች፤ ያን ጊዜ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ ሞቶ ቀርቷል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በብዛት ተሠርተዋል፤ ቤቶቹም ለባለ ዕድለኞች በዕጣ ታድለዋል። ወደነዚህ ሕንጻዎች ከገቡት ብዙዎቹ የቀድሞ ሠፈራቸውን ዕድር ይዘው ቈይተዋል፤ በሕንጻዎቹም ውስጥ አዳዲስ ዕድሮች ተቋቁመዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ዕድር መሥርተዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም የቀድሞው ዕድር ለመቅበር ቢደርስም በሩ አለመከፈቱን በየማለዳው የሚያይ አይደለም። የኮቤ ዕጣና የኒጋታ አሰፋፈር ልዩነት በዚህ ላይ ሊታሰብበት ይገባል።

ለወጣት ተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ብዙ ነው። ለቅሶና ተዝካር በብዙ ጽሑፍ ተገልጸዋል፤ አስከሬን ከወጣ በኋላ ቤቱን የሚጠርገው ማን እንደሆነ፥ የሟቹ መኝታ ምን እንደሚደረግ፥ ውሃው የት እንደሚደፋ፥ የትኛው ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ ግን በየአገሩ ተጠይቆ ሊመዘገብ ይገባል። እነዚህን ሥራዎች ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ ስለሚሠራቸው እስከ አሁን ስም አላወጡም። በጃፓን ስም ያወጡት ሠሪ ከታጣ በኋላ ነው። መዝገቡ ከዚያ በፊት ቢጻፍ ይሻላል።